ለብቻ መስማት ነውር ነው ወይ?
(ስለ አንዲት አሮጌ ዎክማን የቀረበ ሂስ)

ባለፈው እትማችን አንድ ጓደኛችን ስለ ጆሮ ማዳመጫ የጻፈውን መጣጥፍ ያላነበበ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ካፌው በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ጭቅጭቅ ነበር። ጭቅጭቅ ማስነሳቱ ብቻውን ለአንድ ጽሑፍ ትልቅ ምስጋና ነው፤ ከገጾቻችን መካከል ብዙዎቹ ሳይነበቡ ተገልጠው ብቻ የሚያልፉ መሆናቸውን እናውቃለንና። እኔም ይህችን መልስ የምጽፈው ጓደኛዬን ለመንቀፍ ያህል አይደለም፤ ነገሩ ቤቴ ድረስ የገባ ጉዳይ ስለሆነብኝ ነው።

የጓደኛችን ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። የዛሬ ተማሪ ሁለት ጆሮውን ወትፎ ይሄዳል፤ ሰላም ሲሉት አይሰማም፤ ዘፈን የጋራ ሀብት መሆኑ ቀርቶ የግል ፍጆታ ሆኗል። ለዚህ ሁሉ ግለኝነት ተጠያቂው የእጅ ስልኩ ነው። በካሴት ዘመን ግን ሰው በአንድ ቴፕ ዙሪያ ተሰብስቦ፣ ቡና እየጠጣ፣ አብሮ እያዜመ ይሰማ ነበር። ስለዚህ መንፈሳችን ወደ ካሴት ይመለስ ይለናል። ለምስክርነትም ከጽሑፉ አናት ላይ የዎክማን ሥዕል አስቀምጧል።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ዎክማን! ወንድሜ፣ ጆሮ ወትፎ መንገድ መሄድን ለዓለም ያስተማረችውን ዕቃ ለአብሮነት ምስክር አድርገህ አቀረብካት። ይኼ ጅብን ሥጋ አስጠብቆ ተኝቶ እንደማደር ነው።

ከመቀጠሌ በፊት በነገሩ ውስጥ ጥቅም እንዳለኝ ልናዘዝ። እኔ ራሴ ዎክማን አለኝ። ለፋሽን የገዛኋት አይደለችም፤ ከአክስቴ የወረስኳት ናት። ግራጫ ፕላስቲክ ናት፤ የክዳኗ ማጠፊያ በአንድ ጎኑ ስለተሰበረ በጎማ ላስቲክ ታስራ ትውላለች፤ ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ትበላለች። ሞተሯን ከመዘውሩ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ላስቲክ በዕድሜ ብዛት ልሞ እንደ ማስቲካ ስለነበር፣ ምትክ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሻለሁ። አሁን ትሠራለች። ግቢ ውስጥ ይዣት ሳልፍ «አሪፍ ናት፣ ከየት አገኘሃት?» የሚለኝ ብዙ ነው። «ምን እየሰማህ ነው?» የሚለኝ ግን የለም ማለት ይቻላል። ይህችን ልዩነት አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ታሪኩን እናቅናው። ካሴት የምንለውን ትንሽ ሣጥን ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 አወጣው፤ ሥራውን የመራው ሉ ኦተንስ የሚባል መሐንዲስ ነው። ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1979፣ ማለትም በእኛ ሰኔ 24 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ሶኒ የመጀመሪያዋን ዎክማን ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ አቀረበ። ዋጋዋ 33,000 የን ነበር። መጀመሪያ የተሠሩት 30,000 ብቻ ናቸው፤ መቅዳት የማይችል ቴፕ ማን ይገዛል የሚል ሥጋት ነበርና። በሁለት ወር ገደማ ተሸጠው አለቁ።

«መቅዳት የማይችል» የምትለዋን ሐረግ አስምሩባት። ዎክማን የተወለደችው ፕሬስማን ከሚባል፣ ለጋዜጠኛ ከተሠራ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ነው። መሐንዲሶቹ መቅረጫውን አወጡና በምትኩ የስቴሪዮ ማጫወቻ አገቡበት። በሌላ አነጋገር አፍም ጆሮም የነበረውን ዕቃ አፉን ወስደው ጆሮውን ተዉለት። ለእኔ የዎክማን ታሪክ ዋናው ነጥብ መጠኗ ማነሱ አይደለም። ሰሚው መልስ የማይሰጥ ሆኖ የተሠራ መሆኑ ነው ዋናው።

ሌላም አለ። የመጀመሪያዋ ዎክማን ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ ነበራት። ብርቱካናማ ቁልፍም ነበራት፤ ሲጫኗት ሙዚቃው ዝቅ ይልና ሁለቱ ሰሚዎች በትንሽ ማይክራፎን አማካይነት ማዳመጫቸውን ሳያወልቁ ይነጋገራሉ። ይህ ለምን ተደረገ? የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመው ግለ ታሪካቸው እንደተረኩት፣ የሙከራዋን ዕቃ ቤት ወስደው ሲሰሙ ባለቤታቸው ተገለልኩ ብለው ቅር አላቸው። ሞሪታም አንድ ሰው ለብቻው ሙዚቃ መስማቱ እንደ ብልግና ይቆጠራል ብለው ሰጉ። ስለዚህ ሁለት መሰኪያ ይሁን አሉ። ገዢው ግን ዕቃዋን እንደ ግል ንብረቱ፣ እንደ ኪስ መሐረቡ ያዛት። ኋላ የወጡት ዎክማኖች በአብዛኛው ባለ አንድ መሰኪያ ሆኑ።

ከሶኒ በፊት ተመሳሳይ ዕቃ ያሰበው አንድሬያስ ፓቬልም ቢሆን ራሱ እንደሚናገረው ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከራት ብቻውን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በስዊስ ተራሮች ከወዳጁ ጋር ሆኖ ነው። ሁለቱም ፈልሳፊዎች ለሁለት ሰው አሰቡ፤ ዓለም ለአንድ ሰው ተጠቀመባት። ጓደኛችን ዛሬ የፈራውን ነገር እንግዲህ የዕቃዋ አባቶች ከ40 ዓመት በላይ ቀድመውት ፈርተውታል። ስልኩ አዲስ ኃጢአት አላመጣም፤ የዎክማንን ውርስ ነው የተረከበው።

ሁለተኛው የጓደኛችን ስህተት ስለ አገራችን ካሴት ያለው ትዝታ ነው። ሸክላ ማሳተም እየቀረ ካሴት ገበያውን የያዘው በደርግ ዘመን ነው። የሰዓት እላፊ ሰውን በጊዜ ቤት ሲያስገባው፣ ቴፕ ያለው ቤት የሰፈሩ መሰብሰቢያ ሆነ። እውነት ነው፤ እናቶቻችን የሚነግሩን ይህንኑ ነው። ነገር ግን ልጠይቅ፦ አንድ ግቢ ውስጥ ለስምንት ቤተሰብ አንድ ቴፕ ሲኖር፣ ሰዎቹ አብረው የሰሙት ስለሚዋደዱ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ቴፕ ስላልነበረም ጭምር? አብሮነቱን አልክድም። እጥረትን ግን እንደ ምግባር አንቁጠር። ባለቴፑ ሲከፋው ቴፑን ዘግቶ ይተኛ እንደነበረም እናቴ ነግራኛለች። ያን ማታ አብሮነቱ የት ሄደ?

እሺ፣ ታዲያ ዎክማን የግለኝነት እናት ናት ብለን ፈርደን እንተዋት? ቢሆንልኝ ነገሩን እዚህ ላይ ዘግቼው ጓደኛዬን ረታሁት ብዬ ደረቴን በነፋሁ ነበር። ግን አልችልም። የማልችለው በአክስቴ ምክንያት ነው።

አክስቴ በ1986 ዓ.ም. ለሥራ ቤይሩት ሄደች። የሰው ቤት ተቀጥራ ስምንት ዓመት ኖራለች። ስልክ መደወል ውድ ነበር፤ አያቴ ደግሞ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ እንደ ብዙ የዚያን ጊዜ ቤተሰብ ደብዳቤ በካሴት ይልክ ነበር። ከጎረቤት ትልቁን ቴፕ ይዋሳሉ፤ ሁሉም ተሰብስቦ በየተራ ይናገራል፤ ካሴቱ በመንገደኛ እጅ ይሄዳል።

ካሴቶቹ ሁሉ ጠፍተው አንዱ ብቻ እጄ ላይ አለ። የተቀዳው በ1989 ዓ.ም. ነው። ባዶ ካሴት ስላልተገኘ የጥላሁን ገሠሠ ካሴት ላይ ነው የቀዱት። ኦሪጅናል ካሴት እንዳይቀዳበት ከጀርባው ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ተሰብረው እንደሚመጡ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቀዳዳውን በወረቀት ከወተፉት ግን ይቀዳል። ቤተሰቤም ወተፉት። «በጥላሁን ላይ መቅዳት ነውር ነው» ያለ ጎረቤት እንደነበር እናቴ እየሳቀች ታወራለች። ተቃውሞው ውድቅ ሆነ።

ካሴቱ ሲጀምር ጥላሁን ይዘፍናል። መሐል ላይ ቋ ይልና የአያቴ ጉሮሮ መጥረግ ይመጣል። አያቴ መጀመሪያ ለቴፑ ራሱ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ እንደ እንግዳ ሰው «እንደምን ዋላችሁ» ይሉታል። ከዚያ ወደ ልጃቸው ይዞራሉ፦ «ሆዴ፣ በልተሻል ወይ? ብርድ ነው ወይ አገሩ?» ከኋላ ቡና ይወቀጣል፤ ዶሮ ይጮሃል፤ ሕፃን ያለቅሳል። አንድ ጎረቤት ወንድሟ ቤይሩት እንዳለ ትናገራለች፤ ፈልጊልኝ ትላለች፣ ከተማዋ እንደኛ ቀበሌ ያህል መስላት። እንዲህ እንዲህ እያለ 11 ደቂቃ ይሄዳል። ሲያበቃ አንድ ሰው ቁልፉን ይጫናል፤ ቋ፤ ጥላሁን ከዘፈኑ ወገብ ላይ፣ ከቃሉ እኩሌታ ላይ ይቀጥላል።

አክስቴ ይህን የሰማችው በዚህችው ዎክማን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ደመወዟ የገዛችው የራሷ ዕቃ ይህች ብቻ ነበረች። ማታ ሥራ ሲያልቅ፣ ከማዕድ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትሰማለች። ድምፁን ከፍታ እንዳትሰማ አትችልም፤ ቤቱ የሰው ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ጊዜዋ የእሷ አልነበረም፤ ክፍሏ ቁልፍ አልነበረውም፤ ፓስፖርቷም በሰው እጅ ነበር። የእሷ የነበረው በሁለት ጆሮዋ መሐል ያለው ቦታ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ አማርኛ ይነገራል፤ ቡና ይወቀጣል፤ እናቷ በልተሻል ወይ ይሏታል፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለ ሰው አንዲት ቃል አይሰማም።

አሁን ጓደኛዬን እጠይቀዋለሁ። ይኼ ግለኝነት ነው? ለብቻዋ የሰማች ሴት ከማን ተለየች? ከማንስ ጋር ተገናኘች?

ጃፓናዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ሹሄይ ሆሶካዋ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ዎክማን ባሳተመው ጽሑፍ አንድ የሚገርም ነገር አስተውሏል። ዎክማን ያደረገውን ሰው የሚያየው መንገደኛ፣ ሰውየው አንድ ነገር እየሰማ መሆኑን ያውቃል፤ ምን እንደሚሰማ ግን አያውቅም። ምስጢር መኖሩ በግልጽ ይታያል፤ ምስጢሩ ግን አይታይም። ሆሶካዋ ይህን ምስጢራዊ ቲያትር ይለዋል። እሱ ያየው የከተማ መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ምስጢሩ ጨዋታ ነው፣ ጌጥም ነው። አክስቴ ክፍል ውስጥ ግን ምስጢሩ መሸሸጊያ ነበር። ያው ዕቃ፣ ያው አንድ መሰኪያ፣ ሁለት ትርጉም። ስለዚህ «ለብቻ መስማት» የሚለውን ነገር ማን፣ የትና ከማን ተደብቆ እንደሚሰማ ሳይጠይቁ መፍረድ፣ ግጥሙን ሳያነቡ ስለ ቤት አመታቱ እንደመተቸት ነው።

ይሁን እንጂ ዎክማን ከአክስቴ የወሰደችባትም ነገር አለ፤ እሱን ከደበቅኩ ሂሴ ሂስ አይሆንም። ቀደም ብዬ አፏን ቆርጠዋታል ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። አክስቴ ትሰማለች፣ መልስ መስጠት ግን አትችልም። መቅረጫ ያለው ቴፕ የነበረው በአሠሪዎቿ ሳሎን ውስጥ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ድምፅዋን ቀድታ የላከችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በእሑድ ፈቃዷ በአገሯ ልጅ ቴፕ። «እማዬ በልተሻል ወይ ስትለኝ ጨለማ ውስጥ በልቻለሁ እላት ነበር» አለችኝ አንድ ቀን፣ እየሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

አሁን ወደ ቅርፁ ልግባ። ቅርፅና ይዘት የሚባለውን ነገር ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ እስኪሰለቸን ተምረነዋል፤ እዚህ ግን በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ ይገኛል። የካሴት ክር ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ነው፤ ይህ ከ85 ሜትር በላይ ክር ማለት ነው። የአያቴ 11 ደቂቃ ሲለካ 31 ሜትር ከግማሽ ያህል ይሆናል፤ ከዶርማችን በር እስከ ውኃ ቧንቧው ድረስ ያለው መንገድ መሆኑ ነው። ልስማቸው ብል ይህ ሁሉ ክር በማንበቢያው ጭንቅላት ላይ መጎተት አለበት። ድገሙልኝ ብል ወደ ኋላ መጠንጠን አለበት፤ መጠንጠን ደግሞ ድንጋይ ይጨርሳል። አክስቴ ድንጋይ ለመቆጠብ በቢክ እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ አስገብታ በእጇ ታጠነጥነው ነበር። የደከመውን ድንጋይም ሰገነት ላይ ፀሐይ ታሰጣው ነበር፣ ልክ እዚህ ቤት እንደሚደረገው።

ስለዚህ በካሴት መስማት አስቀድሞ መወሰንን ይጠይቃል። ስልክ ላይ ዘፈን ካልጣመን በአንድ ጣት እንዘለዋለን፤ እንዲያውም ሳይጥመን ሳይሆን ገና ሳይጀምር ነው የምንዘለው። እዚህ ግን መዝለል ከመስማት ይከብዳል። ገጹ ሲያልቅ ቀጭ ብላ ትቆማለች፤ ወይ ትገለብጣለህ ወይ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። ይህን የምለው ካሴት ቅዱስ ነው ለማለት አይደለም። ስልክ ቢኖራት ኖሮ አክስቴ ሳታመነታ ስልኩን ትመርጥ እንደነበር ጠይቄያት «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» ብላኛለች። ግን ግዴታው በሰሚው ላይ አንድ ነገር ሠርቷል፤ ሰሚውን ወጪ አስወጥቶታል። ወጪ ያወጣንበትን ነገር ደግሞ እንጠብቀዋለን።

ዕዳውም አለ። ክሩ በተጫወተ ቁጥር በጥቂቱ ይላጋል። ባለፈው ጥር ደግሞ የእኔው ጥፋት ተጨመረበት፤ መዘውሩን በአልኮል ሳላጸዳ አጫወትኩትና ዎክማኗ ክሩን በላችው። ክዳኑን ስከፍት እንደ ስፓጌቲ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በእርሳስ እያጠነጠንኩ መለስኩት፤ አንድ ስንዝር የማይሞላው ግን ተጨማደደ። በሰከንድ ስንቆጥረው ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው። አያቴ «ሆዴ» ካሉ በኋላ ያለችው ቃል አሁን ከውኃ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ትንቦጫረቃለች። ለአክስቴ ለመናገር አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ይህ ከደረሰ በኋላ አንድ የዶርም ጓደኛዬ ካሴቱ ሳያልቅ እናድነው አለኝ። ልክ ነበር። ከማዳመጫው መሰኪያ ወደ ኮምፒዩተር ሽቦ ዘርግቶ ቀዳው። ጓደኛዬ በዚህ ሥራ ጎበዝ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሦስት ነገር ሠራ። አንደኛ፣ ሽሽ የሚለውን የክር ድምፅ አጠፋው። ሁለተኛ፣ የጥላሁንን ዘፈን ስልክ ላይ ካለው ጋር አስተያይቶ ፍጥነቱን አስተካከለ። ሦስተኛ፣ ዘፈኑን ከፊትም ከኋላም ቆርጦ የአያቴን 11 ደቂቃ ብቻ አስቀረ። ንጹሕ ሥራ ነበር።

ለአክስቴ ወስጄ አሰማኋት። አንገቷን ደፍታ ሰማች። ሲያልቅ «ቆንጆ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ «ግን እማዬ እንዲህ አትፈጥንም» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ስንነጋገር ነገሩ ተገለጠልኝ። አክስቴ ድንጋዩን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ነበር የምትጠቀመው። ድንጋይ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ ሞተሩ ሲዘገይ ድምፅ ይወፍራል፣ ንግግር ይረዝማል። ስለዚህ በእነዚያ ሌሊቶች የሰማቻቸው አያቴ ዝግ ብለው፣ ጎርነን ባለ ድምፅ የሚናገሩ ሴት ነበሩ። በልቧ የተቀመጠው ድምፅ እሱ ነው። ጓደኛዬ ያረመው ስህተት ለእሷ እናቷ ነበሩ።

ይህን እንደ ቀልድ አትለፉት። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ የአንድን ጽሑፍ የተለያዩ ቅጂዎች ማመሳከር ሥራችን ነው። ታዲያ እዚህ ትክክለኛው ቅጂ የትኛው ነው? ለዘፈኑ ልክ የሆነው ፍጥነት ለአያቴ ድምፅ ልክ ስለመሆኑ ምንም ማስረጃ የለንም፤ እሳቸው የተቀዱት በጎረቤት ቴፕ ነው፤ ያ ቴፕ ይፍጠን ይዘግይ ማን ያውቃል? እኔ አያቴን የማስታውሳቸው በሰባት ዓመቴ ልክ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉ ማለት ነው። አክስቴ የምታስታውሳቸው በደከመ ድንጋይ ልክ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያስታውሳቸው በጥላሁን ልክ ነው። ሦስት ምስክር፣ ሦስት ቃል።

የዘፈኑ መቆረጥ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስቆጨኝ። ቤተሰቤ ዘፈኑ ላይ መቅዳታቸው የድህነታቸው ምልክት ነው፤ ግን ጽሑፉ የተጻፈው በዚያ ብራና ላይ ነው። አባቶቻችንስ ብራና ሲቸግራቸው ፍቀው አልጻፉም? በወንጌሉ ኅዳግ ላይ የርስት ውል አላሰፈሩም? ዛሬ ያንን መጽሐፍ የሚያጠና ሊቅ ኅዳጉን ቆርጦ ይጥለዋል እንዴ? አክስቴ እንደነገረችኝ፣ አያቴ ጨርሰው ጥላሁን ከመሐል ሲቀጥል ቴፑን ዘግታ አታውቅም። «እማዬ ተናግራ ሄደች፣ ቤቱ ግን አልተዘጋም፣ ሰው አለ» የሚል ስሜት ይሰጣት ነበር። ያ ቀሪ ዘፈን ለጓደኛዬ ትርፍ ነበር፤ ለእሷ የደብዳቤው መዝጊያ ነው።

የጠፋው ሽሽታም ቢሆን ባዶ አልነበረም። ክር ለብዙ ዓመት ተጠቅልሎ ሲቀመጥ አንዱ ዙር በላዩ ባለው ዙር ላይ በጥቂቱ ያትማል። ስለዚህ ጸጥታ ባለበት ቦታ ላይ ጆሮ ጥሎ የሰማ፣ ድምፁ ከመምጣቱ አንድ ሁለት ሰከንድ አስቀድሞ ያንኑ ድምፅ ከሩቅ እንደሚጣራ ሆኖ ይሰማዋል። በእኛ ካሴት ላይ አያቴ አንዴ ዝም ብለው ቆይተው «ሆዴ» ሲሉ፣ ከዚያች ቃል በፊት ሌላ ቀጭን «ሆዴ» አለች። ቴክኒሻን ብልሽት ይለዋል፤ ብልሽትም ነው። ሲጸዳ ግን አብሮ ሄደ።

ከዚህ ተነሥቼ ቅጂ አያስፈልግም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ሶኒ ለጃፓን ገበያ የሚልከውን የካሴት ዎክማን እ.ኤ.አ. በ2010 አቁሟል፤ የዕቃው ዕድሜ እንዳለፈ አምራቹም መስክሯል። ክሩም ያልቃል፤ ላስቲኩም እንደገና ይልማል። ስለዚህ ጓደኛዬን ለምኜ ሁለተኛ ቅጂ አሠርተናል፤ ሳይጸዳ፣ ሳይቆረጥ፣ ከጥላሁን መጀመሪያ እስከ ጥላሁን መጨረሻ። የታረመውም አልተጣለም። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠን የትኛው በምን ሁኔታ እንደተቀዳ በወረቀት ጽፈናል። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ያላችሁ፣ አለም ብዬ እገምታለሁ፣ እባካችሁ አትቆራርጡት። ቶሎም ቅዱት።

አሁን ቅድም ልብ በሉልኝ ወዳልኩት ልዩነት ልመለስ። «ከየት አገኘሃት?» የሚለኝ ብዙ ሲሆን «ምን እየሰማህ ነው?» የሚለኝ ለምን ጠፋ? አንዳንዶቻችን አሮጌ ዕቃን እንደ ጌጥ መያዝ ጀምረናል። ዎክማን አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ውስጡ ካሴት የለም። ጓደኛችን ከጽሑፉ አናት ላይ ያስቀመጠውም ሥዕል ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ካሴት የሌለባት ዎክማን ናት። ትዝታን የሚያከብር ይመስላል እንጂ የማንንም ድምፅ አይሰማም።

ደግሞም ጥፋቱን በእሱ ላይ ብቻ አልጥልም። እኔ ራሴ ይህችን ዕቃ ይዤ ግቢ ውስጥ ስዞር የሰማኝ ሁሉ እንዲጠይቀኝ እፈልግ ነበር፤ እኔ ግን አጠገቤ የተቀመጠውን፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደረገውን የክፍል ጓደኛዬን ምን እየሰማህ ነው ብዬው አላውቅም። ምናልባት የእናቱን ድምፅ መልእክት እየደጋገመ ይሆናል። ምናልባት ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ስድስት ሰው በሚተኛበት ዶርም ውስጥ ያለችው ብቸኛ ክፍሉ እሷ ትሆናለች። አክስቴን ቤይሩት ያየ ሰው ግለኛ ብሏት ቢሆን ኖሮ ምን ያህል በተሳሳተ ነበር!

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ለብቻ መስማት ነውር አይደለም። ነውሩ ለብቻው የሚሰማውን ሰው ሳይጠይቁ ማለፍ ነው። የዎክማን ጉድለት ጆሮ መድፈኗ ሳይሆን መልስ መከልከሏ ነው፤ ሞሪታ ሁለተኛዋን መሰኪያና ያችን ብርቱካናማ ቁልፍ ሲያስገቡ የገባቸው ነገር ነበር፤ ገበያው ግን አልፈለገውም። ዛሬ መልሰን ልናስገባው የምንችለው በዕቃው ላይ አይደለም፤ በራሳችን ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ጆሮ የሚሰሙ ተማሪዎች አያለሁ። ጓደኛችን ቀጣዩን ጽሑፉን ስለ እነሱ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

የተጨማደደችውን የአያቴን ቃል በተመለከተ ለአክስቴ ጥፋቴን ነግሬያታለሁ። ቃሏ ምን እንደነበረች ግን አልነገረችኝም። ጠይቄያት «ለእኔ የተላከ ደብዳቤ ነው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው።

የጥላሁኑን ገጽ ግን ፈቅዳለች። ልስማ የሚል ካለ ዶርሜን ታውቃላችሁ። ሁለት ድንጋይ ይዞ ይምጣ።